ምስሉ ይቅደም ለሚሉት የተሰጠ መልስ

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የአውሮፓ ከተማ በትምህርት ላይ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ጨዋታቸውን እንድመለከት ጋብዘውኝ ነበር። በአዳራሹ መካከል በአረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በጨርቁ ላይ ኮረብታው፣ የአጃ ማሳው፣ በግንብ የታጠረው የገበሬ ቤት በየቦታቸው ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ መካከል ቁመታቸው ከአውራ ጣት አንጓ የማይበልጥ የእርሳስ ወታደሮች፣ ሰማያዊ የለበሱት በአንድ ወገን፣ ቀይ የለበሱት በሌላው ወገን፣ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ተነጥቦ ተሰልፈው ቆመዋል። የሚጫወቱት ሰኔ አጋማሽ 1815 የተደረገውን የዋተርሉን ጦርነት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።)

ምስሎቹን አድንቄ ሳልጨርስ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የፈረንሳዩን ጦር የያዙት ሰው ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ማለትም በጨዋታው አቆጣጠር ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጦራቸው ሢሶ የሚሆነውን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው አቆሙት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ማንም አልነበረም። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ብሉኸር በዚያ በኩል ይመጣላ!» አሉኝ። ናፖሊዮን በምሥራቅ በኩል ጦር መታየቱን የተረዳው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ እንደሆነ መጽሐፍ አንብቤ ነበርና፣ ታዲያ ናፖሊዮን ይህን አሁን እንዴት ያውቃል? ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ቀጥለው የሰጡኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። «እርስዎ ምስሎቹን ይመልከቱ። እኛ መጀመሪያ የምንወዳቸውን ምስሎች ገዛን፤ ቀለም ቀባናቸው፤ ደንቡን በኋላ ፈለግንለት። ደንብ የትም ይገኛል» ነበር ያሉኝ።

ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን በናፖሊዮን ዘመን የጦርነት ጨዋታ ዙሪያ ከሚጻፈውና ከሚነገረው አብዛኛው ይህንኑ ይመክራል። ጀማሪው «በምን ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ልብህ የወደደውን ምስል ግዛ» ይባላል። ስለ ኮፍያው ላባ ቀለም ገጽ በገጽ ይጻፍለታል፤ በጠረጴዛው አጠገብ ሲቆም ራሱን በማን ቦታ እንደሚያስቀምጥ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ወንበሩ ነው። ተጫዋቹ የተቀመጠው በሻምበል አዛዥ ቦታ ነውን? በክፍለ ጦር አዛዥ? ወይስ በንጉሠ ነገሥቱ? ይህ ከታወቀ ደንቡ ይታወቃል። ደንቡ ሲታወቅ የምስሉ መጠንና ቁጥር ይታወቃል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ቅርጹ ይዘቱን እየመራ፣ ስለ ጦርነትም ስለ ታሪክም ሐሰት የሚናገር ያማረ ጠረጴዛ እናገኛለን።

ነገሩን በቁጥር እንመርምረው። ቁጥር ወገን አያውቅምና።

በዚያ ዘመን አንድ የእግረኛ ሻለቃ በጦር ሜዳ 600 ሰው ነበረው እንበል። በሦስት ረድፍ ሲሰለፍ ግንባሩ 200 ሰው ይሆናል። ለአንድ ሰው ስድሳ ሳንቲሜትር ብንሰጠው የሻለቃው ግንባር 120 ሜትር ነው ማለት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ምስል 28 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ነው። አንድ ምስል 20 ሰው ይወክላል የሚለውን የቆየ ልማድ ብንቀበል፣ ሻለቃችን 30 ምስል ይሆናል። 30ውን ምስል በሁለት ረድፍ ብናቆምና ለእያንዳንዱ 16 ሚሊሜትር ስፋት ብንሰጠው፣ ሻለቃው በጠረጴዛው ላይ 24 ሳንቲሜትር ይይዛል። 120 ሜትር በ24 ሳንቲሜትር ተወከለ ማለት መሬታችን 500 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሊዘረጋ የሚችል ጠረጴዛ ርዝመቱ 1.80፣ ወርዱ 1.20 ሜትር ቢሆን ነው። ይህ በተጠቀሰው ልክ ሲባዛ 900 ሜትር በ600 ሜትር ይሆናል። የዋተርሉ ግንባር ከ4 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነበርና፣ ጦርነቱን በሙሉ ለማስቀመጥ ርዝመቱ ከ8 ሜትር የማያንስ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። በተራው ጠረጴዛ ላይ የሚበቃው የኡጉሞን የእርሻ ግቢ ከአትክልቱና ከጥቂት ዙሪያው ጋር ብቻ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ናፖሊዮንን በነጭ ፈረሱ ላይ አስቀምጦ መጫወት እንግዲህ ምን ትርጉም አለው?

ይህም ብቻ አይደለም። ሁለቱ ረድፍ ምስሎች ከፊት ወደ ኋላ 4 ሳንቲሜትር ቢይዙ፣ በመሬቱ ልክ 20 ሜትር መሆናቸው ነው፤ እውነተኛው የሦስት ረድፍ ሰልፍ ግን ከፊት ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር እንኳ አይሞላም። ከምስሉ ቁመት ጋር የሚመጣጠን 20 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቤት ብናቆም፣ በምስሉ ዓይን 12 ሜትር የሚሆን የገበሬ ቤት ነው፤ በመሬቱ ልክ ግን 100 ሜትር ይሸፍናል። አንድ ቤት አንድ መንደር ዋጠ ማለት ነው። ስለዚህ በየጠረጴዛው ሁለት የማይገናኙ ዓለማት ተደራርበው አሉ፤ አንዱ የምስሉ፣ ሌላው የመሬቱ። ይህን መደራረብ ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ ቅሬታዬም በዚያ ላይ አይደለም። በሀገራችን የዐድዋ ሥዕሎች ላይ አሥርና ሃያ ሰው ተስሎ መቶ ሺሑን ጦር ሲወክል ማንም ተመልካች ግር አይለውም፤ ሥዕሉ የሚናገርበትን ስምምነት ያውቀዋልና። የጠረጴዛው ጨዋታም ስምምነት አለው። ጥያቄው ስምምነቱን ማን ወሰነው ነው። ተጫዋቹ አስቦበት ወሰነው? ወይስ ምስሉን የሸጠለት ሱቅ?

የልፋቱንም ሒሳብ እንጨምርበት። በዋተርሉ ናፖሊዮን ወደ 73,000፣ ዌሊንግተን ወደ 68,000 ሰው አሰልፈው ነበር፤ በየሰዓቱ እየደረሱ የገቡት ፕሩሲያውያን ደግሞ ወደ 50,000 ይጠጋሉ። ድምሩ 191,000 ነው። አንድ ምስል ለ20 ሰው ከሆነ 9,550 ምስል ያስፈልጋል። አንዱን ምስል ቀብቶ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ቢበቃ፣ ሠራተኛው ሰው በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ፣ 4,775 ምሽት ይፈጅበታል። በዓልና ሕመም ሳይቆጠር 13 ዓመት ነው። ታዲያ ብዙዎቹ 200 ያህል ምስል ቀብተው መካከል ላይ ቢተዉት ምን ይገርማል? ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ መጀመሪያ የመከራቸው ሰው ስላልቆጠረላቸው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዕድሜውን የሰጠ አንድ ሰው በታሪክ ይታወቃል። ዊልያም ሳይቦርን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1830 የዋተርሉን ጦር ሜዳ በትንሹ እንዲሠራ ታዝዞ በሥፍራው ለወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ። በጦርነቱ ለነበሩ መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ፣ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ የት ነበራችሁ? ፊት ለፊታችሁስ ማን ነበረ?» እያለ ጠየቀ። መንግሥት ገንዘቡን ሲያቋርጥበት በብድር ቀጠለ። ሥራው በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ፣ አንዱ ሁለት ሰው የሚወክል ከ70,000 የሚበልጡ ምስሎች ነበሩበት። ዛሬ በለንደን በሚገኘው በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። ከዚህ በላይ ለምስል የደከመ ሰው አላውቅም። ይሁንና በዚያ ሁሉ ምስል ላይ የተነሣው ክርክር ስለ ቁልፍና ስለ ላባ አልነበረም። ክርክሩ፣ በዚያች ሰዓት ፕሩሲያውያን ምን ያህል ገብተው ነበር? ድሉስ የማን ነው? የሚል ነበር። የዌሊንግተን ወገን ፕሩሲያውያኑ በዝተው መታየታቸውን አልወደደውም፤ በመጨረሻም ሳይቦርን ከፕሩሲያውያኑ ምስሎች ብዙዎቹን አነሣ። ልብ እንበል፤ በቦታው የቀሩት ምስሎች እንደ ቀድሞው ያማሩ፣ የደንብ ልብሳቸውም እንደ ቀድሞው ትክክል ነበር። የተለወጠው ትረካው ነው። የምስል ትክክለኛነት ለታሪክ ትክክለኛነት ዋስ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ከመልኩ ወደ ውስጡ እንግባ። አንድ ደንብ መልካም ነው ወይስ አይደለም ለማለት ሌላውን ሁሉ ትቼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አዛዡ የማያውቀውን ነገር ደንቡ ይደብቅበታልን? ያዘዘውስ ሳይደርስ ሊቀር ይችላልን?

ሰኔ 16 ቀን 1815፣ ከዋተርሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ፈረንሳዮች በአንድ ቀን ሁለት ጦርነት ገጠሙ። ናፖሊዮን በሊኚ ከብሉኸር ጋር፣ ማርሻል ኔይ በካትር ብራ ከዌሊንግተን ጋር። ወደ 20,000 ሰው የያዘው የጄኔራል ዴርሎን ኮር ወደ ኔይ ሲጓዝ ትእዛዝ ደረሰውና ወደ ሊኚ ዞረ። ሊኚ አጠገብ ብቅ ሲል የራሱ ወገኖች ጠላት መስሏቸው ደነገጡ፤ ናፖሊዮን ያዘጋጀው የክብር ዘበኛ ማጥቃትም በዚህ ምክንያት ዘገየ። ከዚያም ኔይ በብርቱ ቃል ስለጠራው ዴርሎን ፊቱን መለሰ። ካትር ብራ ሲደርስ ጦርነቱ አብቅቶ ነበር። 20,000 ሰው ቀኑን ሙሉ በሁለት ጦር ሜዳ መካከል ሲመላለስ ዋለ፤ ከሁለቱ በአንዱ ቢገባ ኖሮ የዘመቻው መልክ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። እንግዲህ ተጫዋቹ ጠረጴዛውን ከላይ ሆኖ የሚያይበት፣ እያንዳንዱን ሻለቃ በእጁ አንሥቶ ወደ ወደደበት የሚያስኬድበት ደንብ ይህችን ቀን ሺህ ጊዜ ቢጫወታት አንድ ጊዜ እንኳ ይወልዳታልን? ከቶ አይወልዳትም! የዚያ ዘመን ጦርነት ማለት ግን ይህ ነበር፤ ጢስ፣ የዘገየ ፈረሰኛ መልእክተኛ፣ በእርሳስ የተጫረ ግማሽ መስመር ትእዛዝ።

ይህን የተረዱት ደግሞ የዛሬ ሰዎች አይደሉም። ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስቪትዝ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ደንቡን በ1824 ሲያወጣ፣ የተጠቀመው በ1 ለ8,000 ልክ በተሠራ ካርታና በትንንሽ ባለ ቀለም ጡቦች ነበር። ፊት ያለው፣ ኮት የለበሰ አንድ ምስል እንኳ የለበትም። በመካከል ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ትእዛዙን ለዳኛው ይሰጣል፤ ዳኛውም የሚያሳየውን ብቻ ያያል። አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ ጊዜ ነው፤ መልእክተኛው በሁለት ደቂቃ ሊጋልብ ከሚችለው በላይ ቃል አይጓዝም። የጦር ኤታማዦር ሹሙ ሙፍሊንግ ጨዋታውን አይቶ ለሠራዊቱ ማሠልጠኛ እንዲሆን የደገፈው ስለ ውበቱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት አልፏል። ብዙዎቹ ምስል አፍቃሪዎች ግን ከዚያ ከነበረበት ወደ ኋላ ሄደው፣ ሁሉን የሚያይ፣ ሁሉን የሚችል አዛዥ ፈጥረዋል።

ስለ ተራ ጥበቃም አንድ ነገር ልበል። በአብዛኞቹ ደንቦች አንዱ ወገን ሠራዊቱን በሙሉ ሲያንቀሳቅስ ሌላው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን አባቶቻችን «ወረራ» ብለው በሚጠሩት መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ያለ ተራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት፣ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከታተለ ይሰለፋል። ከናፖሊዮን ጋር ዝምድና የለውም፤ ሆኖም በጦርነት ጠላት ተራ እንደማይጠብቅ ሰንጠረዥ ያወቀውን ብዙ መቶ ገጽ ያለው ደንብ ሲስተው ማየት ያስገርማል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ። በ1970ዎቹ ከታተሙት የእንግሊዝ ደንቦች ጀምሮ «ብሔራዊ ጠባይ» የሚባል ሠንጠረዥ ተለምዷል። በዚህ ሠንጠረዥ እንግሊዛዊው በተኩስ ጊዜ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ፈረንሳዊው ሲያጠቃ ይጨመርለታል፤ ኦስትሪያዊው ዝግ ያለ ነው ተብሎ ይቀነስበታል፤ ስፔናዊው ገና ሳይተኮስበት ለመሸሽ የተዘጋጀ ሆኖ ይቀርባል። ይህ በአኃዝ የተጻፈ ጭፍን ጥላቻ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በሐምሌ 1808 በባይሌን የዱፖን ፈረንሳዊ ጦር ለስፔናዊው ጄኔራል ለካስታኞስ እጁን ሲሰጥ፣ የተማረከው ወደ 18,000 ሰው ነበር። በነሐሴ መጨረሻ 1813 በሳን ማርሲያል ኮረብታ ፈረንሳዮችን የመለሱት ስፔናውያን ብቻቸውን ነበሩ። ዝግ ያለ ነው የተባለው ኦስትሪያዊ በግንቦት 1809 በአስፐርን-ኤስሊንግ ናፖሊዮንን ራሱን ዳኑብን አሻግሮ መልሶታል። ፕሩሲያውያንስ? በጥቅምት 1806 በየናና በአውርሽቴት በአንድ ቀን ተሰባበሩ፤ በጥቅምት 1813 ግን በላይፕዚግ ከአሸናፊዎቹ መካከል ነበሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ የሕዝብ ደም ይለወጣልን? የተለወጠው ሻርንሆርስትና ግናይዘናው የመሩት የሠራዊት ማሻሻያ፣ የመኮንኖች አመራረጥ፣ የምልመላው ሥርዓት ነው። ፈረንሳዩም ያው ነው፤ በ1805 ለዓመታት የሠለጠነ ወታደር ይዞ የዘመተው ናፖሊዮን በ1813 ብዙ ልጅ እግር ምልምል ይዞ ነበር የወጣው። እንግዲህ ነጥብ መስጠት ካስፈለገ ለሥልጠና፣ ለልምድ፣ ለድካም፣ ለምግብ እጦት፣ ለአዛዡ ችሎታ ይሰጥ። ለዜግነት የሚሰጥ ነጥብ ግን ጨዋታው ሳይጀመር ፍርድ መስጠት ነው። እኛም ብንሆን ሌሎች ስለ እኛ ባወጡት ሠንጠረዥ የተመዘንን ሕዝብ ነንና፣ ነገሩ ተራ ጨዋታ ነው ብለን ማለፍ የለብንም።

የዚህ ጥፋት ምንጭ ከፊሉ የምሁራን ነው። ታላቁ እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ኦማን፣ ፈረንሳዮች በ1806 በማይዳ በዓምድ ተሰልፈው ሲያጠቁ በእንግሊዞች ቀጭን መስመር ተኩስ ተሸነፉ ብሎ ጻፈ፤ ከዚህም የእንግሊዝን የበላይነት የሚያስረዳ ሐተታ ሠራ። በኋላ ግን ፈረንሳዮቹ በማይዳ በመስመር ተሰልፈው እንደነበር ተረድቶ ራሱ አረመው። ጸሐፊው ያረመውን ብዙዎቹ የጨዋታ ደንቦች ሳያርሙ ለአሠርት ዓመታት ይዘውት ቆዩ።

ከምስል አፍቃሪው ተቃራኒ የቆመ ሌላ ወገን እንዳለ አልዘነጋም። ይህ ወገን ደንቡ በወፈረ ቁጥር እውነቱ የበዛ ይመስለዋል። ጥይቱ በየስንት ሜትሩ ስንት በመቶ እንደሚመታ፣ ዝናብ ባሩዱን ምን ያህል እንደሚያረጥብ፣ ፈረሱ በጭቃ ስንት እርምጃ እንደሚቀርበት በሠንጠረዥ ላይ ሠንጠረዥ ይደረድራል። ሰባት ሰዓት ተጫውቶ የጦር ሜዳውን ሃያ ደቂቃ ብቻ ያስኬዳል። የኮር አዛዥ ሆኖ ተቀምጦ የአንድን ሻምበል ተኩስ የሚቆጥር ሰው አዛዥ አይደለም፤ መዝጋቢ ነው። ስለዚህኛው ወገን ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም፤ ድካሙ ራሱ ይፈርድበታል።

አንባቢ ግን እኔን የምስል ጠላት አድርጎ እንዳይቆጥረኝ። ምስል ባይኖር ኖሮ ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ባልቆምኩም ነበር። ባለ ቀለም ጡብ ለኤታማዦር መኮንን ይበቃ ይሆናል፤ እንደ እኔ ላለው ሰው ግን ዓይን የራሱ ረሃብ አለው። በ1970ዎቹ በኤርፍክስ ፋብሪካ የተሠሩት፣ ቀለማቸው የሚላጥ ለስላሳ የፕላስቲክ ወታደሮች ስንቱን ልጅ ወደ ታሪክ መጽሐፍ እንደመሩ መካድ አይቻልም። የምለው፣ ምስሉ ሊያሳይ የሚገባውን ያሳይ ነው። የናፖሊዮን ዘመን ሠራዊት ከሩቅ ሲያዩት የሚያስደነግጠው በአንዱ ሰው ቁልፍ ሳይሆን በብዛቱ ነው። ስድስት ሚሊሜትር ቁመት ካላቸው ምስሎች ስድሳውን በአንድ መቆሚያ ላይ ቢደረድሯቸው፣ የአንዱም ፊት አይለይም፤ ሰልፉ ግን ሰልፍ ይመስላል። ከ28 ሚሊሜትሩ 30 ምስሎች ይልቅ ሻለቃ የሚመስለው ይህ ነው። ደግሞስ ያ ሁሉ ላባና ወርቅ ጥልፍ እውነት ነውን? በስፔን የዘመቱት ፈረንሳዮች ሱሪያቸው ሲያልቅ ከአገሩ ቡናማ ጨርቅ አሰፍተው ይለብሱ ነበር። በ1813 ከፕሩሲያ ተጠባባቂ ጦር ከፊሉ ከእንግሊዝ በተላከ ልብስ ነበር የተዋጋው። በዋተርሉ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው ያደረ ሠራዊት በሰልፍ ልብስ አንጸባርቆ የሚቆመው በምስል ሱቅ መስኮት ብቻ ነው።

የክብር ዘበኛውንም ነገር ላንሣ። በየጠረጴዛው የናፖሊዮን ክብር ዘበኛ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ምስሉ ያማረ ነውና ሁሉም ይገዛዋል። ከገዛው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ያሰልፈዋል። መስከረም 7 ቀን 1812 በቦሮዲኖ ግን ናፖሊዮን ማርሻሎቹ እየለመኑት እግረኛ ክብር ዘበኛውን ለማጥቃት አላሰለፈም፤ ከአገሩ እጅግ ርቆ ነበርና የነገውን ፈራ። በዚያ ቀን የሁለቱ ወገን ሙታንና ቁስለኞች ወደ 70,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ለጠረጴዛው ተጫዋች ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ መብራቱ ሲጠፋ ምስሎቹ ወደ ሣጥናቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ የነገን ዋጋ የሚያስከፍለው ደንቡ ብቻ ነው። ክብር ዘበኛውን ያሰለፈ ቢያሸንፍም ከድሉ ነጥብ እንዲቀነስበት፣ ከኃይሉ ሩቡን ያጣ ጦር እስከ መጨረሻው ምስል ይዋጋል ሳይባል በሞራል እንዲፈተን ማድረግ ያለበት ደንቡ ነው። የሚያምረው ምስል ይህን አያስተምርም።

እንግዲህ ምረጥ የምባል ከሆነ ምርጫዬን አልሸሽግም። በሻምበል አዛዥ ቦታ መቀመጥ የሚሻ ሰው 28 ሚሊሜትሩን ምስል ያለ ሐፍረት ይግዛ። በአንድ ወገን ከ40 እስከ 60 ምስል ይበቃዋል፤ የኡጉሞን ግቢ በጠረጴዛው ልክ ነው። ለዚህ «ሻርፕ ፕራክቲስ» የተባለው ደንብ፣ የትኛው አለቃ መቼ እንደሚንቀሳቀስ በሚመዘዝ ካርድ ስለሚወስን፣ ተጫዋቹን ከሁሉን ቻይነት ያወርደዋል። በክፍለ ጦር ደረጃ በ2009 የወጣው «ብላክ ፓውደር» ብዙ ወዳጅ አለው። ትእዛዝ የሰጠ ሰው ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ እንደ ዕድሉ ጦሩ ሦስት ጊዜ ሊራመድ፣ ወይም ከቆመበት ንቅንቅ ላይል ይችላል። ልቅ ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ትእዛዝ እንደሚከሽፍ ያውቃል። ሠራዊቱን በሙሉ ለመምራት ለሚሻ ደግሞ በ2015 የታተመውን «ብሉኸር» አስቀድማለሁ። በዚህ ደንብ አንድ መቆሚያ አንድ ብርጌድ ነው። በዙሩ ውስጥ ስንት ትእዛዝ መስጠት እንደምትችል የሚወስኑትን ዳይሶች የሚጥለው ባላጋራህ ነው፤ ውጤቱንም ደብቆ ይይዝና ድንገት «በቃህ» ይልሃል። አዛዡ ጊዜ አለኝ ብሎ ሲያመቻች ጊዜው ያልቅበታል። በ6 ሚሊሜትር ምስል አንዱን ብርጌድ በ8 ሳንቲሜትር መቆሚያ ብናቆምና ግንባሩን 400 ሜትር ብንለው፣ ያ የቤታችን ጠረጴዛ 9 በ6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዋተርሉ ፕሩሲያውያን ከሚመጡበት ጫካ ጋር ይገባበታል።

ጀማሪው ይህንም ሁሉ ሳይገዛ መሞከር ይችላል። ከካርቶን አራት ማዕዘን ይቁረጥ፤ በላዩ የብርጌዱን ስም ይጻፍ፤ በዚያ ሦስት አራት ጊዜ ይጫወት። በካርቶን አሰልቺ የሆነ ደንብ በእርሳስ ወታደር አይጣፍጥም። ደንቡ ከያዘው ያን ጊዜ ምስሉን ይግዛ፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልገውም ያውቃል።

ወደ አገሬ ልመለስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ እነዚያ ሰዎች እንደገና ጠሩኝ። በዚህኛው ቅዳሜ ጠረጴዛው ሁለት ሆኖ በሁለት ክፍል ተዘርግቷል፤ በአንዱ ሊኚ፣ በሌላው ካትር ብራ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ረጅም ኮሪደር አለ። ተጫዋቾቹ እንዳይተያዩ በሩ ተዘግቷል። ትእዛዝ በወረቀት ተጽፎ በእኔ እጅ ይላካል፤ ዳኛው ደግሞ ኮሪደሩ መካከል ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ አንዱን ወረቀት ወዲያው ያሳልፋል፣ ሌላውን ሰዓቱን አይቶ ያቆያል። ናፖሊዮን የሆኑት እኒያ የቀድሞው ሰው ነበሩ። ሦስት ጊዜ ወረቀት ላኩ፤ ሦስተኛው ላይ ያሰፈሩት ቃል ለዚህ መጽሔት አይመጥንም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ጨዋታው እንዲያበቃ ተስማሙና በሮቹ ተከፈቱ። የዴርሎን ኮር በቀለም ያማረው፣ ባንዲራው የተዘረጋው፣ በአንድ ትሪ ላይ ሆኖ ኮሪደሩ ውስጥ ከዳኛው እግር አጠገብ ተቀምጧል።